«ተፈጥሮው ነው» የሚል ወረቀት፦ ከቱሉ ዲምቱ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ

በኅዳር 2016 ዓ.ም. አንድ ማለዳ፣ ቃሊቲ ባለችው የምክር ክፍሌ በር ላይ አንዲት ወጣት ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ነርስ ናት። የሌሊት ተራዋን ጨርሳ፣ ነጭ ጋዎኗን በፌስታል ቋጥራ፣ ቤቷ ሳትገባ በቀጥታ ወደ እኔ መምጣቷ ነበር። የመጣችበትን ጉዳይ ለመናገር አላመነታችም፤ ታላቅ ወንድሟ «እንዲህ ሆኖ የተፈጠረ» መሆኑን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እንድጽፍላት ፈለገች። ወረቀቱን ለማን እንደምታሳየው ስጠይቃት «ለአጎቴ» አለች፤ ትንሽ ዝም ካለች በኋላም «ለእማዬም» ብላ ጨመረችበት።

እንዲህ ያለ ወረቀት መጻፍ የሚችል ባለሙያ የለም። ደም መርምሮ፣ ራጅ አንስቶ ወይም መጠይቅ አስሞልቶ የአንድን ሰው የጾታ ዝንባሌ ምንጭ በማኅተም ሊያረጋግጥ የሚችል ሰው በአዲስ አበባም ሆነ በየትኛውም አገር አይገኝም። ይሁን እንጂ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው በዚሁ ጥያቄዋ ውስጥ ነበር። በዚያ ቤት አንድ ልጅ ተደብድቧል፤ በማስፈራራት ገንዘቡ ተወስዷል፤ እንጀራውን አጥቷል፤ ቤተሰቡ ግን ሁለት ወር ሙሉ ሲከራከር የነበረው «ከየት መጣበት?» በሚለው ላይ ብቻ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ያ ጥያቄ በአንድ ቤት ውስጥ ምን ሥራ እንደሠራ ለማስረዳት ነው። ባለጉዳዩ፣ እናቱና እህቱ እንድጽፈው ፈቅደዋል፤ ማንነታቸውን የሚጠቁሙ ዝርዝሮችንም ለውጫለሁ።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ስለ ቃላት አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የወንጀል ሕጋችን «ግብረ ሰዶም» ሲል የሚጠቅሰው ድርጊትን ነው፤ በሰፈር አነጋገር ግን ቃሉ ከድርጊት ስምነት አልፎ የሰው መጠሪያ ሆኗል። ከእርሱ የከፋ ስድብም አለ፤ አንባቢ ስለሚያውቀው እዚህ አልደግመውም። ሰዎቹ ራሳቸው እርስ በርሳቸው የሚጠራሩት «ዜጋ» እየተባባሉ ነው። ባለጉዳዩ ቃሉን የነገረኝ በሦስተኛው ቀጠሯችን ሲሆን «ወረዳ የማይመዘግበው ዜጋ» ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል ያየሁትም ያን ዕለት ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ «የጾታ ዝንባሌ» ስል አንድ ሰው ለየትኛው ጾታ ልቡ እንደሚሳብ ማለቴ ነው፤ ምን እንደፈጸመ ሌላ ጥያቄ ነው። ይህ ልዩነት ወደ በኋላ ያስፈልገናል።

ባለጉዳዩ የ25 ዓመት ወጣት ነው። በዚያን ጊዜ የሚኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ እናቱ በዕጣ ባገኙት ባለሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ነበር። ሙያው የአሉሚኒየም በርና መስኮት ሥራ ሲሆን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በሽርክና ይሠራ ነበር። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬና የገላን ዙሪያ ለዚህ ሙያ የእንጀራ ገበታ ናቸው፤ ኮንዶሚኒየም የተረከበ ሰው ቀለም ከመቀባቱ በፊት በረንዳውን በአሉሚኒየም ያዘጋልና። ለእናቱ አራተኛ ወንድ ልጅ ነው። የመጀመሪያው የከባድ መኪና ሹፌር ሆኖ በጅቡቲ መንገድ ይመላለሳል፣ ሁለተኛው ዐረብ አገር ነው፣ ሦስተኛው እዚያው ቤት ይኖራል፤ ከእርሱ በታች ያለችው ነርሷ ብቻ ናት። አባታቸው የሞቱት ባለጉዳዩ 9 ዓመት ሲሆነው ነው። ከዚያ ወዲህ የአባትን ቦታ የያዙት የእናትየው ታላቅ ወንድም፣ ሰበታ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በተሰበረ የስልክ መስታወት ነው። ሰሞኑ የከተማው የሰላምና ጸጥታ ቢሮ ግብረ ሰዶም ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን ያስታወቀበት፣ በቲክቶክም የሰዎች ፎቶግራፍ እየተለጠፈ ሕዝብ የሚነሣሣበት ሰሞን ነበር። ከብሎካቸው ፊት ለፊት ያለው የስልክ ጠጋኝ መስታወቱን ከቀየረ በኋላ «ታቹን ልሞክረው» ብሎ የይለፍ ቁጥሩን ጠየቀ፤ ማንም እንደሚያደርገው ወጣቱም ነገረው። በስልኩ ውስጥ የነበረው ሁለት ወንዶች በቴሌግራም የተጻጻፉት የፍቅር ቃልና አንድ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉን አይቼዋለሁ። አንዱ ልጅ ራሱን በሌላው ትከሻ ላይ አስደግፎ፣ ሁለቱም ጃኬታቸውን እንደለበሱ፣ ከኋላቸው የቢሾፍቱ ሐይቅ ይታያል። ከዚህ ሌላ ምንም የለበትም።

ከሁለት ቀን በኋላ ከማያውቀው አካውንት 5 ሺህ ብር የሚጠይቅ መልእክት ደረሰው፤ በቴሌብር ላከ። ደረሰኙ ላይ የወጣው የተቀባይ ስም የሴት ስም ነበር። ቀጥሎ 8 ሺህ፣ ከዚያ 10 ሺህ ተጠየቀ፤ የመጨረሻውን የከፈለው ደንበኛ ለመስኮት ሥራ ቀብድ ከሰጠው ገንዘብ ላይ ነው። አራተኛው ጥያቄ 20 ሺህ ሲሆንበት እጅ አጠረው። በነጋታው ፎቶግራፉ ለሦስተኛው ወንድሙና ለአንዱ ሸሪኩ ተላከ።

ወንድምየው ያን ምሽት የመታው ከሥራ በመጣ የአሉሚኒየም ፍሬም ቁራጭ ነው። ከጆሮው በላይ በስድስት ቦታ ተሰፋ፤ ክሊኒክ ሲጠየቅ «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» አለ፤ እህቱም አጠገቡ ቆማ ቃሉን አጸናችለት። ሸሪኮቹ ደግሞ ቁልፍ መልስልን እንኳ አላሉትም፤ የወርክሾፑን ቁልፍ ጋን ቀየሩት።

የመስቀል ማግስት ቤተሰቡ ተሰበሰበ። አጎትየው፣ እናቱ፣ ወንድሙ፣ የንስሐ አባታቸውና እህቱ ሳሎን ተቀመጡ፤ እርሱ መኝታ ቤት ሆኖ፣ በሩ ገርበብ እንዳለ፣ ሁሉንም ይሰማል። በዚያ ቀን የተባለውን ከሦስት ሰው አፍ ለየብቻ ሰምቼዋለሁ፤ ሦስቱም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ስለ ድብደባው አንድም ሰው አላነሣም፤ ስለ 23 ሺህ ብሩም የጠየቀ የለም። አጎትየው «ይህ ፈረንጅ በስልክ የላከብን ጣጣ ነው» አሉ፤ ስለዚህ ስልኩ ይወሰድ፣ ሚስትም ትፈለግለት። ወንድምየው ሕፃን ሳለ ያስለመደው ሰው አለ፣ ስሙን ያውጣ አለ። የንስሐ አባት ፈተና ነው፣ ጠበል ይግባ አሉ። እናቱ ያለ አባት አሳድጌው ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው አለቀሱ። እህቱ ብቻ «ተፈጥሮው ነው፣ ተዉት» አለች፤ አጎትየውም «ማስረጃሽን አምጪ» አሏት። ወረቀቱ የተፈለገው ከዚህ የተነሣ ነው።

ልብ ብሎ ለሚያየው፣ በዚያ ሳሎን የተሰነዘረው ምክንያት ሁሉ የራሱን ጥፋተኛና የራሱን መድኃኒት ይዞ የመጣ ነው። ምክንያቱ ስልክ ከሆነ ስልኩ ይነጠቃል፤ ያስለመደው ሰው ከሆነ ሰው ይታደናል፤ እናት ከሆኑ እናት ይኮነናሉ። የቤተሰቡ ጥያቄ በመልኩ የዕውቀት ጥያቄ ይመስላል፤ በሥራው ግን ዕዳውን ማን እንደሚሸከም የሚወስን ሸንጎ ነበር።

በጥቅምት ሁለት ሱባኤ ጠበል ቆየ። ይህን በተመለከተ ባለጉዳዩ የነገረኝን እንዳለ ማስፈር አለብኝ፤ ተገድዶ አልሄደም። «እኔም ከ13 ዓመቴ ጀምሮ ስጸልይበት የኖርኩት ነገር ነው» አለኝ። ጠበሉን አይነቅፍም፣ ዛሬም ይጠመቃል። የሰበረው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አጎትየው በር ላይ ቆመው «ለቀቀህ?» ብለው ጠየቁት። «አዎ» ቢል ሚስት ሊያመጡለት ነው፤ «አይ» ቢል ከቤት ሊወጣ ነው። ዝም አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ምግብ እየቀነሰ ሄደ፣ እንቅልፍም ራቀው። እህቱ ነርስ ናትና የምታየው ነገር ምን እንደሆነ ገብቷታል። እኔም በመጀመሪያው ቀጠሮ ስለ ሞት ያስብ እንደሆነ በቀጥታ ጠየቅሁት፤ በቀጥታም መለሰልኝ። ስለዚህ ከምንጭ ፍለጋው በፊት የሠራነው ሌሊቱን የሚያስተርፍ ዕቅድ ነው፤ ማን አጠገቡ ያድራል፣ ቤት ያለውን መድኃኒት ማን ይይዛል፣ ሲከፋው መጀመሪያ ለማን ይደውላል የሚለው በአንዲት ገጽ ተጻፈ። ለእህቱ መጀመሪያ የሰጠኋት ወረቀት ይህ ሆነ።

እህቱ በሁለተኛው ጊዜ ስትመጣ ከኢንተርኔት ያተመችውን አንድ እሽግ ወረቀት ይዛ ነበር። ከላይ ያለው ሳይመን ሌቬይ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው የአንጎል ጥናት ነው፤ የ41 ሟቾችን አንጎል መርምሮ፣ ሃይፖታላመስ ከሚባለው ክፍል አንዱ የነርቭ ሕዋሳት እጅብ በግብረ ሰዶማውያን ወንዶች ዘንድ አነስ ብሎ እንደተገኘ የሚገልጽ። ወረቀቱን በማስመሪያ እያሰመረች አንብባዋለች። ሌቬይ ራሱ ግን ግኝቱ ዝንባሌው ሲወለዱ አብሮ የተገኘ ለመሆኑ ማረጋገጫ እንዳልሆነ ደጋግሞ ተናግሯል፤ ልዩነቱ ምንጭም ውጤትም ሊሆን ይችላልና። ከሥሩ የነበረው እ.ኤ.አ. የ2019 ሰፊ የጂን ጥናት ነው። ወደ 470 ሺህ የሚጠጉ፣ አብዛኞቹ ከብሪታንያና ከአሜሪካ የሆኑ፣ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሰዎች የተሳተፉበት ሲሆን፣ ከተመሳሳይ ጾታ ጋር ግንኙነት ከማድረግ ጋር በግልጽ የተያያዙ አምስት የዘረ መል ቦታዎችን አገኘ፤ የእያንዳንዳቸው ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው። የተለመዱት የጂን ልዩነቶች ሁሉ ተደምረው በሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት የሚያስረዱት ከ8 እስከ 25 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ጥናቱ የማንንም ግለሰብ ዝንባሌ ከጂኑ ተነሥቶ መተንበይ እንደማይቻል በግልጽ አስቀምጧል። «ታዲያ በጂን ነው ወይስ አይደለም?» አለችኝ። ከፊሉ ነው፤ ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች እንኳ አንዱ እንዲህ ሆኖ ሌላው የማይሆንበት ጊዜ ብዙ ነው አልኳት። «ይህንን ለአጎቴ ባሳየው ይስቅብኛል» አለች። እውነቷን ነው፤ ሳይንሱ የሚናገረው በጥንቃቄ ነው፣ ሸንጎ ደግሞ ጥንቃቄን እንደ ሽንፈት ይቆጥራል።

እናትየውን ያገኘኋቸው በታኅሣሥ ነው። ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ተከናንበው መጡ። «ዶክተር ልጄ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ወንድሞቹ ውጭ ሲሯሯጡ እርሱ ከእኔ ጋር ቡና ሲቆላ ነው ያደገው» አሉኝ። ዶክተር እንዳልሆንኩ ነገርኳቸው፤ እስከ መጨረሻው ግን መጠሪያዬ ይኸው ሆኖ ቀረ። የእርሳቸው ሐሳብ በሰፈር ወሬ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ራሳቸው ከልክ በላይ የቀረበች እናትና የራቀ አባት ልጅን እንዲህ ያደርጋሉ እያሉ ያስተምሩ ነበር። ችግሩ ያጠኑት ለሕክምና ወደ እነርሱ የመጡትን መሆኑ ነው፤ ሆስፒታል ብቻ ተቀምጦ የአገሩን ጤና የሚገምት ሰው ዓይነት ስሕተት። ኤቭሊን ሁከር የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣችው ጥናት ታካሚ ያልሆኑ 30 ግብረ ሰዶማውያን ወንዶችንና ሌሎች 30 ወንዶችን በተለመዱት የአእምሮ ጤና ፈተናዎች አወዳደረች፤ ውጤቱን ያለ ስም የመረመሩት ባለሙያዎች ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት አቃታቸው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1973 ዝንባሌውን ከበሽታዎች መዝገብ ሰረዘ፤ የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1990 እንዲሁ አደረገ። ይህን ሁሉ ለእናትየው በዚህ መልክ አልነገርኳቸውም። የነገርኳቸው ያለ አባት ያደጉ ወንዶች በዚህ አገር እልፍ መሆናቸውንና የእርሳቸው ሦስት ልጆችም ያለ አባት ማደጋቸውን ነው። ዝም ብለው ቆዩና «እውነት ነው» አሉ።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ አላቆምኩም። እፎይ እንዲሉልኝ ብዬ በዚህ ዘርፍ ደጋግሞ ከተረጋገጠው ግኝት አንዱን ጨመርኩላቸው። ሬይ ብላንቻርድና አንቶኒ ቦጋርት የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ እንዳሳዩት፣ አንድ ወንድ ልጅ ከአንድ እናት የተወለዱ ታላላቅ ወንድሞች በበዙለት ቁጥር ዝንባሌው ወደ ወንድ የመሆን ዕድሉ በእያንዳንዱ ወንድም አንድ ሦስተኛ ገደማ እያደገ ይሄዳል። አብረው ያደጉ የእንጀራ ወንድሞች ይህን ውጤት አያመጡም፤ ስለዚህም ምክንያቱ ከአስተዳደግ ይልቅ በእርግዝና ወቅት እንደሚፈለግ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ደግሞ የእናት ሰውነት ወንድ ፅንስ ብቻ ለሚያወጣው አንድ ፕሮቲን የሚያዘጋጀውን የመከላከያ ንጥረ ነገር እንደ አንድ ምክንያት ጠቁሟል። እናትየው በጣቶቻቸው ቆጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«እንግዲያው ማሕፀኔ ነው በለኛ» አሉኝ።

በሙያዬ ከሠራኋቸው ስሕተቶች ይህንን አልረሳውም። ዕድሉ ከ100 ሁለት የነበረው ለአራተኛ ወንድ ልጅ ከ100 አራት ወይም አምስት ቢደርስ፣ ሦስት ታላላቅ ወንድሞች ካሏቸው 100 ወንዶች 95ቱ እንደማንኛውም ሰው መሆናቸውን አስረዳኋቸው፤ ሒሳቡ ልክ ነው፣ የገባበት ጆሮ ግን ጥፋተኛ ሲፈልግ የከረመ ነው። ከአስተዳደግ ጥፋት ነጻ ያወጣኋቸውን እናት ለራሳቸው ሰውነት አሳልፌ ሰጠኋቸው። ቀጣዩን ሁለት ቀጠሮ የፈጀነው ይህን በመጠገን ነው።

የጋራ ስብሰባው የተደረገው በጥር ነው። አጎትየው ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ የእህትየውን ወረቀቶች አንድ በአንድ አገላበጡ፤ የፈራችውን ሳቅ ግን አልሳቁባትም። ያሉት ነገር ከሳቅ ይልቅ ከባድ ነበር። «በዘር ከሆነማ ባሰ» አሉ። የነርሷ እጮኛ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው ነበር፤ እንደ ወጉ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ስልክ ያመጣው ነገር ቢሆን ስልኩ ይጣላል፤ በደም ያለ ነገር ግን ከነርሷም ከልጆቿም ጋር ይሄዳል። እኔም ሆንኩ እህትየው ተፈጥሮ መሆኑ ከታወቀ ጥላቻው ይበርዳል ብለን ነበር የምናስበው። አጎትየው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያንን አፈረሱት።

ነገሩን ሳስበው ከእኛ ታሪክ የወጣ ነው። በዚህ አገር ሸክላ ሠሪውና ብረት ቀጥቃጩ «ቡዳ» ተብሎ ሲገለል የኖረው ፈልጎ የሆነው ነው ተብሎ አይደለም፤ ተወልዶበታል፣ ከእናት ከአባቱ ወርሶታል ተብሎ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው እንኳ ስድቡ ከጋብቻ ሽምግልና ቤት አልወጣም። በሌላ አገር «ተወልጄበታለሁ» ማለት የመብት ክርክር መነሻ ሆኖ አገልግሏል፤ ዘር በሚቆጠርበት ቤት ግን ያው ቃል የባሰ በር ይዘጋል። ከዚህ በኋላ በዚያ ቤት ስለ ምንጭ መከራከሬን ተውኩ። ለአጎትየው የጠየቅኋቸው ሌላ ጥያቄ ነው፦ «ጋሼ፣ ከየትም ይምጣ፤ ያን ዕለት ልጁ በብረት መመታት ነበረበት?» ብዙ ከቆዩ በኋላ የመለሱት አጎትየው አልነበሩም። የንስሐ አባት ናቸው። «እኔ ጠበል ይግባ አልኩ እንጂ ደሙ ይፍሰስ አላልኩም» አሉ፤ ወደ ወንድምየው ዞረውም ለዚህ ንስሐ መግባት ያለበት እርሱ እንደሆነ ነገሩት። በአራት ወር ውስጥ ስለ ድብደባው በዚያ ቤተሰብ ፊት በአደባባይ የተነገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ለሰውዬው ያለኝ አክብሮት ከዚያ ቀን የጀመረ ነው፤ በዝንባሌው ላይ ያላቸው አቋም ግን አልተለወጠም፣ እንዲለወጥም አልጠየቅኋቸውም።

ወንድምየው ያነሣው የ«አስለማጅ» ጥያቄ በተለይ መመርመር ያለበት ነበር፤ በወንዶች ልጆች ላይ የሚፈጸም የወሲብ ጥቃት በከተማችን አለ፣ ከባድ ወንጀልም ነው። ባለጉዳዩን ለብቻው ጠየቅሁት፤ የደረሰበት የለም። ስሜቱን ያወቀው 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ በቤታቸው ከኢቲቪና ከእናቱ የቁልፍ ስልክ ሌላ ምንም በሌለበት ጊዜ፣ የሰፈር ልጅ ኳስ ሲጫወት እያየ ነው። ስለዚህ የአጎቱ የስልክ ሐሳብም እዚህ ላይ ይወድቃል። ከውጭ የመጣ ነገር ካለ ስያሜውና ክርክሩ ነው።

ሚስት ስለማምጣቱ ሐሳብ ደግሞ አንድ ምሳሌ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1973ቱ ለውጥ ዋና ተዋናይ የነበረው ሮበርት ስፒትዘር እ.ኤ.አ. በ2003 አንዳንድ ሰዎች በሕክምና ዝንባሌያቸውን እንደለወጡ የሚገልጽ ጥናት አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ግን ጥናቱ ያንን ሊያሳይ እንደማይችል አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። አጎትየው ለጥናቱ ግድ አልሰጡም። ያስቆማቸው እናትየው ናቸው፤ «የሰው ልጅ ለዕዳ አላመጣም» አሉ።

ከጠበቃ ጋር በአንድ ከሰዓት ተነጋግረናል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ከተመሳሳይ ጾታ ጋር የሚፈጸምን ድርጊት በቀላል እስራት እንዲቀጣ ይደነግጋል፤ አስገዳጅነት ወይም ሌላ ማክበጃ ሲኖርበት ቅጣቱ በቀጣዩ አንቀጽ ይበረታል። ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ነው፣ ዝንባሌን አይደለም፤ በስልኩ ውስጥ ከነበረው ነገር ድርጊት የሚባል የለም። በአንጻሩ በብረት መምታት ወንጀል ነው፤ በማስፈራራት ገንዘብ መቀበልም ወንጀል ነው፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958ም በጽሑፍና በምስል ማስፈራራትን ይቀጣል። በወረቀት ላይ ሲታይ ሕግ ፊት ጥፋተኞቹ ሁለት ናቸው፣ ከሁለቱ አንዱም ባለጉዳዩ አይደለም። ይሁን እንጂ ክስ የሚጀምረው ቃል በመስጠት ነው፤ «በምን አስፈራራህ?» ለሚለው የመጀመሪያ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ተበዳዩን ወደ ተጠርጣሪነት ሊወስደው ይችላል። ጠጋኙ ይህንን ያውቃል፤ ንግዱ የቆመው በዚህ ላይ ነው። የቴሌብር ደረሰኞቹንና መልእክቶቹን በሥርዓት አስቀመጥናቸው፤ ባለጉዳዩ ግን ላለመክሰስ ወሰነ፣ እኔም ላስገድደው አልሞከርኩም። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2007 ባደረገው መጠይቅ ከኢትዮጵያውያን 97 በመቶው ኅብረተሰቡ ግብረ ሰዶማዊነትን መቀበል የለበትም ብለው ነበር፤ ጣቢያ የሚቀመጠውም ፖሊስ ከዚሁ ሕዝብ የወጣ ነው።

መገለል ስንል ብዙ ጊዜ ድብደባውንና ከሥራ መባረሩን እናስባለን፤ እናትየው የነገሩኝ ግን የስኒ ነገር ነው። ወሬው በብሎኩ ከተዳረሰ በኋላ አንዲት የዕድራቸው ሴት ቡና ሊጠጡ መጡ። እናትየው ለእንግዳቸው ሲቀዱ ሴትዮዋ ስኒውን አንሥተው፣ ከረከቦቱ ላይ ሌላ መርጠው፣ «ይህኛው የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሌላ ምንም አላሉም። አቦል ጠጥተው ቶና ሳይደርስ ተነሡ። ከዚያ በኋላ ሦስተኛው ልጅ የወንድሙን ስኒና ሳህን ለብቻ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠ፤ እናትየውም ለአምስት ወር ያህል እንደተቀመጠ ተዉት። «ሳጥበው እንኳ ለብቻው ነበር የማጥበው፣ እናቱ ሆኜ» ያሉኝ በመጨረሻው ቀጠሮአችን ነው።

በሰኔ 2016 ዓ.ም. መዝገቡን ስዘጋ ሁኔታው ይህን ይመስል ነበር። ባለጉዳዩ ከቤት ወጥቶ በከተማዋ ሌላ ዳርቻ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሰፈር፣ አንድ ክፍል ተከራይቷል፤ ለሰው ወርክሾፕ በቀን ሂሳብ ይሠራል፤ የራሱ የነበሩት መቁረጫና መብሻ ማሽኖች እስከ ዛሬ አልተመለሱለትም። እንቅልፉ ተስተካክሏል፤ ከእህቱ ጋር የጻፍነው ገጽ አሁንም ቦርሳው ውስጥ አለ። የነርሷ ጋብቻ አልፈረሰም፤ እጮኛዋ ነገሩን ከእርሷ አፍ ሰምቶ ለቤተሰቦቹ ላለመንገር ወሰነ፤ ይህ ውሳኔ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ወደፊት የሚታይ ነው። አጎትየው በዓመት በዓል ይደውሉለታል፣ ስለ ሥራው ብቻ ይጠይቁታል። ወንድምየው ከንስሐ አባቱ ጋር መነጋገሩን ሰምቻለሁ፤ ከወንድሙ ጋር ግን አልተነጋገሩም። እናትየው በየወሩ ሽሮና በርበሬ በእህቱ እጅ ይልካሉ፤ ለፋሲካ ደግሞ ራሳቸው ሄደው አብረው ፈስከዋል፤ የዚያን ዕለት ከቤት ይዘው የሄዱት ሁለት ስኒ ነው።

ጠጋኙ ሱቁን አልዘጋም፤ ብሎኩ ፊት ለፊት አሁንም ይሠራል። ባለፈው ሰኞ የእናትየው ስልክ ከእጃቸው ወድቆ መስታወቱ ሲሰነጠቅ፣ በበሩ አልፈው፣ በሁለት ታክሲ ሳሪስ ድረስ ሄደው አሠርተው ተመለሱ።